ለየብቻ ክፈሉ

«አንድ በአንድ! ሁሉም ዕቃ ለየብቻ ይከፈላል!» አክስቷ ከመደርደሪያው ጥግ ጮኸች።

ልጅቷ ከገንዘብ መሳቢያው ጋር ተፋጥጣለች። ሰልፉ ደጅ ደርሷል። የግራ እግሯ አውራ ጣት በጫማዋ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ገበያተኛውን ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሳንቲም ከገበያ ወጣች፤ ትንሿ ገንዘብ አምስት ሆነች። እንግዲህ ሂሳቡ ዘጠና ሁለት ሳንቲም ከመጣ ዘጠና ይከፈላል፤ ዘጠና ሦስት ከመጣ ግን ዘጠና አምስት። አክስት ሆዬ ይህን በሰማች ማግስት የሱቁ ዋጋ ሁሉ በሦስት እንዲያልቅ አደረገች። ስስታም ማለት ለእሷ ማቆላመጥ ነው። «ትርፏ ለጫማሽ ትሁን» ብላም ለልጅቷ የሳንቲም ማጠራቀሚያ ቆርቆሮ ሰጠቻት። ቆርቆሮው ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተራ ደረሰ።

«ሁለት ሳሙና ስጪኝ የኔ ልጅ።»

«ዘጠና አምስት፤ ለሁለተኛው ደግሞ ዘጠና አምስት።»

«ዘጠና ሦስት ይላል እኮ!»

«ትንሿ ሳንቲም ሞታለች አባባ፣ አልሰሙም?» አለች አክስት።

«መሞቷንማ ሰምቻለሁ። ቀባሪዋ እንዲህ እንደሚያተርፍ ግን አልሰማሁም!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ሳታስበው ደምራው ነበር። አንድ ላይ ቢሆን መቶ ሰማንያ ስድስት፤ ስድስቷ ደግሞ ወደ አምስት ትወርዳለች። ሽማግሌው ኪሳቸውን ገልብጠው ይፈልጋሉ።

«ፍጠኚ ባክሽ፣ እዚሁ ጢም ልናበቅል ነው!» አለ ከኋላ የክፍሏ ቀልደኛ።

ቆርቆሮውን አየችው። የእግሯን አውራ ጣት አየችው።

«አባባ፣ አንድ ላይ ልደምርልዎት» አለች፣ ደጅ ያለው ሁሉ እንዲሰማ። «መቶ ሰማንያ አምስት።»

«ምን አልሽ አንቺ?!» አክስቷ ከነመጥረጊያዋ ደረሰች።

ልጅቷ ቆርቆሮውን ወደ አክስቷ ገፋ አደረገችው።

«ቀጣይ! ምን ልስጥህ?»

«አንድ ሻማ ነበር የፈለግኩት» አለ ቀልደኛው። «በቃ፣ ሁለት አድርጊውና አንድ ላይ ደምሪልኝ።»

አውራ ጣቷን አጥፋ ወደ ጫማዋ መለሰችው። ወዲያው ተመልሶ ብቅ አለ።