ስስታሙ መዞሪያ

ከአባይ ገደል ወዲህ እንደ ሱፍያን ያለ ኢንጂነር አልተወለደም፤ ይህንንም ከራሱ ከሱፍያን በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካ ያለ እሱ አንዲት ሌሊት የሚያድር አይመስለውም። በ2005 ዓ.ም. ለኢድ መካነ ሰላም ሲመጣ እንኳ ላፕቶፑን እንደ ሙሽራ አቅፎ ነው።

የዚያን ሰሞን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የሚያጓራው በፈርሂያ ፎቶ ኮፒ ቤት ብቻ ነበር። የላፕቶፑን ገመድ ሊሰካ ገባ፤ ፈርሂያ ቀና ብላ አየችው። ያቺ እይታ የቦረናን ደጋ በሙሉ ታበራ ነበር!

«ምንድነው እንዲህ የቀላው?» አለች፣ ወደ ስክሪኑ አጎንብሳ።

«የእንፋሎት ቧንቧ ነው። ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሁለቱ ጫፍ ግን ታስሯል። መሄጃ ሲያጣ ራሱን ይሰብራል። ሶፍትዌሩ የሚሰበርበትን ነው በቀይ የሚያሳየኝ።»

«ምን ይሻለዋል ታዲያ?»

ሲረዝም የሚለጠጥበት መዞሪያ እንዲሆነው፣ ስክሪኑ ላይ ቧንቧውን ከመሃሉ ወደ ጎን አወጣና እንደ በር መቃን አዙሮ ወደ መስመሩ መለሰው። እንደገና አሰላ። ቀዩ ወደ ቢጫ ለዘብ አለ እንጂ አልጠፋም።

«ስስታም መዞሪያ ነው ያወጣህለት» ብላ ሳቀች። «እግሩን አርዝምለት እንጂ!»

አረዘመው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ። ከስክሪኑ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ጄኔሬተሩ እንኳ ያፈረ መሰለ።

ሳምንት ሳይሞላ አጎቱን ሼህ ሀምዱን ከሁለት ሰዎች ጋር ሽማግሌ ላከ። የፈርሂያ አባት ሀጂ ሳዲቅ «እስቲ እንመካከርበት፤ ሌላ ጊዜ ብቅ በሉ» ብለው ሸኟቸው። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁን እሺ ብሎ የሚሰጥ አባት በዚያ አገር የለም።

ሱፍያን ግን ሰማይ ተደፋበት። «እኔን? ሳዑዲ ብሆን አሚሮቹ ልጃቸውን ይዘው ይሰለፉልኝ ነበር! ወላሂ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ አልልክም!»

ፈርሂያ መናኸሪያ ድረስ ተከተለችው።

«ሱፍዬ፣ አባቴ እኮ እምቢ አላሉም። ልጄ ቀላል አይደለችም ነው ያሉት። ሽማግሌዎቹ አንዴ ብቻ ይመለሱ።»

«ምያለሁ።»

«መሐላ ማካካሻ አለው፤ ሚስኪን ታበላለህ።»

«እኔ ቀጥ ያልኩ ሰው ነኝ።»

«ለብረት ያልነፈግከውን መዞሪያ እኔን ነፈግከኝ?»

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሱፍያን ተሳፈረ። አንድ ቃል ብትጨምር ሊወርድ ነበር። አልጨመረችም። እሱም አልወረደም።

ሀጂ ሳዲቅ ከጁምዓ ሲመለሱ ምንጣፍ እያስነጠፉ የሱፍያንን ሽማግሌዎች ጠበቁ። ክረምቱ ወጣ። አንድ የከላላ ነጋዴ ሽማግሌ ላከ፤ ሲመልሷቸው መጡ፣ ሲመልሷቸው መጡ። ፈርሂያን ሰጡ።

ዓመታት አልፈው ሱፍያን ለኢድ ሲመጣ እዚያው መናኸሪያ አገኛት። ልጅ አዝላለች። ዓይኗን አላሸሸችም።

«ያ ቧንቧ እንዴት ሆነ?»

ዓለም እንደሱ ያለ አላየም ሊል አፉን ከፈተ።

«ጠዋት እንፋሎት ሲለቀቅበት ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይመለሳል» አለ ብቻ።

«አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም።»

«አልሀምዱሊላህ» አለችና ልጇን ሽቅብ አስተካክላ ወደ ከላላ የሚሄደው መኪና ውስጥ ገባች።