ጀርባውን ለግንብ የሰጠው ቤት

ግንበኛው ለምሳ ወደ ቤቱ ሲገባ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ አገኘ። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ተንበርክካ አፈሩን በጥርስ ብሩሽ ትጠርጋለች።

«እህቴ» አላት ከላይ ቆሞ፤ «የጠፋብሽ ነገር አለ?»

ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ረጅም የአፈር መስመር ተሰምሯል።

«አለ። የዚህ ግንብ መሠረት። ካየኸው ንገረኝ።»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ልብስ ሰፊ እናቱ የስፌት መኪናቸውን አቁመው በመስኮት ብቅ አሉና፣ «ተዋት አንተ! የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ናት። የፈቀድኩላት እኔ ነኝ» አሉት።

ከተማዋን የሚከበው ግንብ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ጠላት ለመመከት የተሠራ ነው። ጠላቱም አልፏል፣ ያሠሩትም አልፈዋል፤ ሰው ደግሞ በየዘመኑ ከግንቡ ጎን ቤት እየለጠፈ ኖሮበታል። የግንበኛውም አያት ይህን ቤት እንዲሁ አድርገው ነው የሠሩት። በዚያ ዓመት በጣለው ከባድ ዝናብ የምሥራቁ ወገን ተንዶ መንገድ ሲዘጋ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግንቡን ሊጠግን ተነሣ። ከዚያ በፊት ግን ማን፣ መቼና እንዴት እንደሠራው እንድታጠና ይህችን የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ቀጠረ። ሰፈሩ ሳምንት ሳይሞላት ስም አወጣላት፦ «አፈር አበጣሪዋ»። እሱን ደግሞ ከጥንትም «ቱንቢ» ነበር የሚሉት። ግድግዳ መጣመሙን ለማወቅ እንደ ሌላው ግንበኛ ክርና ክብደት ማንጠልጠል አያስፈልገውም፤ ዓይኑ ይበቃዋል።

አንድ ቀን ተመራማሪዋን ስድስት ሜትር የማይሞላ የግንቡ ክፍል ፊት ተክዛ ቆማ አገኛት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብትስለውም አልገባት ብሏል።

«ይኼን የሠራው ሰው ተጣድፏል» አላት፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ።

«በምን አወቅህ?»

«እዪው እንጂ። ድንጋዩን አልጠረበውም፤ ያገኘውን ነው የከተተው። ይኼ ለምሳሌ የቤት ደፍ ነው። መሐሉ በሰው እግር ተበልቷል። እኔ ደፌን ነቅዬ ግንብ ውስጥ የምከተው ምን ስሆን ነው?»

የደፉን መሐል በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «ጠላት ሲደርስብህ» አለች። «ግንቡ ሲፈርስባቸው የገዛ ቤታቸውን አፍርሰው ነው የደፈኑት።»

ለረጅም ጊዜ ደፉን አዩት። ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሳውን ጉድጓዱ ዳር ሆነ የሚበላው። እሷም አፈር ማንበብ አስተማረችው።

«ጥቁሩ እሳት ነው። ቢጫው ጎርፍ ያመጣው ነው።»

«ቀዩስ?»

«ቀዩ አንተ ትናንት የደፋኸው የሸክላ ዱቄት ነው። ጉድጓዴን አበላሽተህብኛል።»

እናቱ ይህን ሁሉ ከመስኮታቸው ያያሉ። አያዩም ይመስላሉ እንጂ አንድም አያመልጣቸውም። ሻይ ሲልኩ ሁለት ብርጭቆ መላክ ጀመሩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን በራቸው ላይ በቀይ ቀለም የመስቀል ምልክት ተሰርቶ አደረ። ከጎኑ፣ «ግንቡን የተጠጉ ቤቶች ሁሉ ይነሣሉ» የሚል የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ጋር ካርታ አለ። የካርታው ግርጌ ላይ ያለው ፊርማ የተመራማሪዋ ነው። ግንበኛው ካርታውን አወቀው። ሲለካ የሜትሩን ጫፍ የያዘው ራሱ ነበር።

«ይኼ ፊርማ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ግን…»

«በቃኝ።»

«ስማኝ እንጂ! የሰጠኋቸው ግንቡ በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ካርታ ነው። ቤት ይፍረስ አላልኩም!»

«ሜትር አስይዘሽ የእናቴን ቤት አስለካሽኝ» አላትና ጥሏት ሄደ።

እናቱ አልተሳደቡም። የጓሮውን በር ዘግተው መቀርቀሪያውን ብቻ ጣሉት። ተመራማሪዋን ከስድብ ይልቅ ያ መቀርቀሪያ አመማት።

ስምንት ቀን ሙሉ እህል በአፏ አልዞር አለ። በስምንተኛው ቀን ካርታዋን ዘርግታ እንደ አዲስ አየችው። በግንቡ ላይ በየአርባ እርምጃው የጠባቂዎች ማማ አለ። ከምሥራቁ በር ተነሥታ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ማማ ፈርሷል ተብሎ የተተወ ነው። ስትለካው በልብስ ሰፊዋ ጓዳ ላይ ወደቀ። ጓዳው ያ ማማ ከሆነ፣ ቤቱን ማፍረስ ማለት ግንቡን ራሱን ማፍረስ ነው። ካልሆነ ደግሞ የምትለው ነገር የላትም። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ቤቶቹ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ጠዋት የጓሮውን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ የጓዳዎን ልስን እንድፍቅ ይፍቀዱልኝ።»

«ደግሞ የቀረውን ልትፍቂ መጣሽ?»

«ላላገኝ እችላለሁ፤ አልዋሽዎትም። ካላገኘሁ ግድግዳዎን አበላሽቼ መሄዴ ነው። ካገኘሁ ግን ቤቱን የሚነካ የለም።»



«በእርግጥ አገኛለሁ ብትዪኝ ኖሮ አላስገባሽም ነበር» አሉና መቀርቀሪያውን ሳቡት።

ግንበኛው ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ሥራ አልሄደም። መሮውን ከእጇ ተቀበላት።

«አምጪ። አንቺ ስትመቺ ድንጋዩን ታቆስይዋለሽ።»

በዘጠኝ ቀን ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

ሰማያዊው ቀለም ተነሣ፤ ከሥሩ ቢጫ መጣ፤ ከቢጫው ሥር ጭቃ። ከጭቃው ሥር አያቱ የደረደሩት ተራ ጡብ ብቅ ሲል እጁ ቆመ። እናቱ በሩ ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለች ተመራማሪዋ።

መታ። ድጋሚ መታ። በሦስተኛው ድምፁ ተለወጠ።

«ባዶ ነው» አለ።

ጡቡ ሲነሣ ከውስጥ ሰፊ፣ ወደ ውጭ እየጠበበ የሚሄድ የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ወጣ። ዙሪያው በልኩ የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም የክቡን ማማ ዙሪያ ተከትሎ ይዞራል። ግንበኛው መዳፉን አሳረፈበት። እሷ አቧራው ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች።

አጠገቧ ተቀመጠ።

«ካርታውን እንደገና አየሁት» አላት። «'ይፍረስ' የሚል ቃል የለበትም። ካየሁት ሦስት ቀን ሆኖኛል። ይቅርታ ልጠይቅ ብነሣ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እኔም ለምን እንደፈለጉት መጠየቅ ነበረብኝ። ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት።»

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። እናቱ «እዚያ ሰምቼ ከምወድቅ ቤቴ ልሁን» ብለው ቀሩ። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ተመራማሪዋ ያነሣቻቸውን የቀዳዳውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ካየ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ቤቱ ቢነሣ ማማው ይቆማል?»

ተመራማሪዋ ወደ ግንበኛው ዞረች።

«አይቆምም ጌታዬ» አለ። «አያቴ ጡባቸውን ማማው ውስጥ አስገብተው ነው የገነቡት። ያንን ጡብ የሚነቅል ሰው ከሥሩ ባይቆም ይሻለዋል።»

መሐንዲሱ መነጽሩን አወለቀ። እያንዳንዱ ቤት እስኪጠና ድረስ ትእዛዙ እንዲቆም፣ የልብስ ሰፊዋ ቤት ደግሞ ከነማማው እንዲጠበቅ ተወሰነ።

ደጅ ወጡ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው በአጠገባቸው እየተሹለከለከ ያልፋል።

«አግቢኝ» አላት ድንገት።

«እዚህ? ደረጃ ላይ?»

«ሌላ ቦታ እስክንደርስ ድፍረቱ ይጠፋኛል።»

ዓይን ዓይኑን አየችው። ዓይኑን አልሰበረም።

«እሺ» አለች።

እስከ ቤት ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።  እናቱ በሩ ላይ ቆመው፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ይጠብቁ ነበር።

«ምን አሉ?»

«እሺ አለች!» አለ ልጃቸው።

«ማናት እሷ? እኔ የምጠይቅህ ስለ ቤቴ ነው፣ አንተ ጅል!»

«ቤቱም አይፈርስም እማዬ።»

ሴትዮዋ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። በሁለት መዳፋቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ያልቅሱ ይሳቁ ለማወቅ አልተቻለም። በመጨረሻ አንድ እጃቸውን አንሥተው የተመራማሪዋን ቀሚስ ጫፍ ያዙ።

«ነይ ግቢ ልጄ» አሉ፤ «ይኼ እንደሆነ አንድ ነገር አስተካክሎ መናገር አይችልም። ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንቺ ንገሪኝ።»