ሳሙናው ሳይደርቅ

ኧርነስት ሆልሮይድ በወይዘሮ ቱሊስ ጓሮ፣ በመሰላል ግርጌ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ የሃዘርሾው ሰፈር ሰው ሁሉ ነገሩ የገባው መሰለው። መስኮት እየወለወለ ዕድሜውን በመሰላል ላይ የጨረሰ ሰው ከመሰላል ወድቆ ሞተ፤ በቃ። ሬሳው ሳይነሳ ሐዘኑም ሐሜቱም እኩል ተጀመረ፤ ውሎ ሳያድር ግን ሐሜቱ ሚዛን ደፋ። ምክንያቱም ኧርነስት በዚያ ጓሮ መገኘት አልነበረበትም። ሥራውን በጸደይ ሸጦታል።

መስኮት ወልዋዮች የሚሸጡትን ነገር «ዙር» ይሉታል። ሱቅ አይደለም፣ ማሽንም አይደለም። በየወሩ አንድ ሰው መጥቶ መስኮታቸውን ሲወለውል ዝም ብለው የሚከፍሉ ቤቶች ናቸው። ሻጩ ገዢውን አስከትሎ በየበሩ ያንኳኳል፣ «ከእንግዲህ የምትጠብቁት ይህን ሰው ነው» ይላል፣ ከዚያ ይጨባበጡና ሻጩ በዚያ ሰፈር ባልዲ ይዞ ዳግመኛ ላይታይ ቃል ይገባል። የተሸጠው እንግዲህ የሰው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ እንደ ዶሮ እግሩን አስረው የሚያስረክቡት ነገር አይደለም። ገዢው ይህን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

ኢንስፔክተር ሞይራ ክሌግ ስትደርስ ቀኑ ደረቅና ብርዳም ነበር። ጡረታዋ የቀረበ፣ ዳሌዋን የሚያማት፣ ከንግግሯ ይልቅ ዝምታዋ የሚያስፈራ ሴት ናት። ሳጅን አሽወርዝ ወሬውን ከሰፈሩ ሰው አፍ ለቅሞ ጠበቃት።

«ወድቆ ነው። ራሱን የድንጋዩ ደረጃ መትቶታል። ጨርቁ እንኳ ከእጁ አልወጣም፣ ባልዲውም እዚያው ተደፍቷል» አላት።

ክሌግ እያቃሰተች ቁጢጥ አለች። ሟቹ የለበሰው ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ነው። ጫማው በደንብ ተወልውሏል፤ ሶሉ ለስላሳ ቆዳ ነው። ካፖርቱ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች ደርቀዋል። ቀና ብላ አየች። በቀጥታ ከሬሳው በላይ ያለው የፎቁ መስኮት ያበራል፤ ደፉም ታብሷል። የታችኞቹ መስኮቶች ገና አልተነኩም።

«መስኮቱን ጨርሶ ነው የወደቀው ማለት ነው?» ጠየቀች።

«ሲወርድ ይሆናላ።»

«ይሆናላ» አለችና ካፖርቱ በጥንቃቄ እንዲነሳ አዘዘች።

ወይዘሮ ቱሊስ ወጥ ቤቷ ውስጥ ማንም ያልጠየቃትን ሻይ ትቀዳ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ቤቷን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ አሮጊት ናት። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ አገኘችው። የጓሮው በር ሁልጊዜ ይቀረቀራል፤ ዛሬ ግን የመስኮት ቀን ስለሆነ ክፍት ትታው ነበር። ክሌግ ለማን ብላ እንደተወችው ስትጠይቃት አሮጊቷ ስኳሩን አማሰለች፣ አማሰለች።

«ለኧርነስት ነዋ» አለች በመጨረሻ። «አዲሱን ሰውዬ በበጋ አሰናበትኩት። መሬት ላይ ቆሞ ረጅም ዘንግ ይዘረጋል፣ በብሩሹ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ እርጥቡን ጥሎ ይሄዳል። ‹ውሃው የተጣራ ነው፣ ራሱ ይደርቃል› ይለኛል። እኔ መስኮቴ በጨርቅ ሲታበስ ነው የማውቀው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስልክ ተደወለ። ‹ሆልሮይድ ነኝ፣ እንደ ድሮው ልምጣ ወይ?› አለኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ጎረቤቶቼንም እንዲሁ ደውሎ አግኝቷቸዋል።»

«ሲወለውል ዓይተውታል?»

አላየችውም። ሒሳቡን አበባ መትከያው ሥር ታስቀምጥና ትወጣለች፤ ስትመለስ መስኮቱ ጠርቶ ታገኘዋለች። በዚያ ሰፈር ሁሉም የሚያደርገው እንዲያ ነው። ሰውየውን የሚያውቁት በመስታወቱ ነው።

ገዢው ግሬም ስታንስፊልድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ይሠራበት የነበረው የብረት ማቅለጫ ሲዘጋ ያገኘውን የስንብት ገንዘብ በሙሉ በዚህ ዙር ላይ አፍስሶታል። ሚስቱ «ለማታውቀው ሰው እጅ ጨብጠህ ብር ትሰጣለህ?» ብላው ነበር፤ እሷ ትክክል መሆኗ ከኪሳራው በላይ ያንገበግበዋል። በየሳምንቱ አንድ በር ይዘጋበታል፤ ከዚህ በኋላ ጥቂት በሮች ከተዘጉ ደግሞ ቤቱንም ማጣቱ ነው።

«ሸጠልኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ እየመጣ አንድ በአንድ ለቀማቸው» አለ። «ትናንት ቤቱ ሄጄ የልቤን ነገርኩት። አልደብቅዎትም፣ ጮኼበታለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ፊቱ አመድ መሰለ። ‹እኔ አይደለሁም› አለ። ከዚያ የትኞቹ ቤቶች እንደሆኑ ጠየቀኝ። የወይዘሮ ቱሊስን ቤት ነገርኩት። ተዋናይ ነው ብዬ ጥዬው ወጣሁ።»

ዛሬ ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው፣ እዚሁ ከጀርባ ባለው መንገድ ብቻውን ሲሠራ እንደነበር አመነ። ሳጅኑ ካቴናውን ዳሰስ አደረገ። ክሌግ ግን ስለ ዘንጉ ጠየቀች። ግሬም አንገቱን ደፍቶ፣ ከፍታ ስለሚያስፈራው ወንበር ላይ እንኳ መቆም እንደማይችል፣ ዘንግ የገዛውም ለዚያ እንደሆነ ተናገረ። ይህን ያለው ግድያን ከማመን በላይ እያፈረ ነው።

የሟቹ ልጅ ክላይቭ በአባቱ ጓሮ፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ተቀበላት። ከትምህርት ቤት ከወጣ ጀምሮ ከአባቱ ጋር የሠራ፣ ዙሩ ከተሸጠ ወዲህ በምንጣፍ መጋዘን የተቀጠረ ጎልማሳ ነው። ቅሬታውን ለመደበቅ አልሞከረም።

«ወራሹ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ‹ሸጥኩት› አለኝ። ለምን አይል፣ ምን አይል። ለማያውቀው ሰው!»

«አንተስ ከዚያ ወዲህ ባልዲ ነክተሃል?»

«ጠልቼዋለሁ። ከጸደይ ወዲህ አልነካሁም።»

ክሌግ ልታጽናናው እጇን ዘረጋች። የጨበጠችው እጅ በጣቶቹ መሃል ተሰነጣጥቋል። በትከሻው በኩል ወደ ዕቃ ቤቱ አየች። ውሃውን ከመስታወት ላይ የሚጠርጉበት የጎማ መጥረጊያ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ከጫፉ አንድ ጠብታ ወደ ወለሉ ወረደች። ሁለቱም ጠብታዋን አዩአት።

በማግስቱ ክሌግ ሁሉንም በወይዘሮ ቱሊስ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ግሬም በሩ አጠገብ ቆመ፤ ማንም ተቀመጥ አላለውም። ክላይቭ የጥቁር ክራቫቱን ቋጠሮ ይነካካል።

«ኧርነስት ከመሰላል አልወደቀም» ስትል ጀመረች። «በመጀመሪያ ጫማውን አየሁ። ያን ያህል ዘመን የወጣ የወረደ ሰው በቆዳ ሶል መሰላል አይረግጥም። እዚህ የመጣው ለሥራ አይደለም። ግሬም የነገረው እንቅልፍ ነስቶት፣ ክቱን ለብሶ፣ በስሙ የሚሠራው ማን እንደሆነ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ደንበኞቹንም ይቅርታ ሊጠይቅ። ቃል ሰጥቷል፤ ቃሉን ማን እንዳጠፈበት ማወቅ ነበረበት።»

ግሬም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከዚያ ካፖርቱ። ጀርባው ላይ ሳሙና ደርቋል። ሰው መስኮት እየወለወለ የራሱን ጀርባ አያንጠባጥብም። ጠብታው የወረደበት በግንባሩ ከተደፋ በኋላ ነው። እሱ እዚህ ወድቆ ሳለ ሌላ ሰው ከበላዩ መሰላል ላይ ቆሞ ያን መስኮት ይወለውል ነበር።»

ወይዘሮ ቱሊስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ማን ነው? ግሬም አይደለም። መሰላል አይወጣም። ይወጣል ብንል እንኳ እሱ የሚረጨው ሳሙና የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው፤ ሲደርቅ ምልክት አይተውም። ወይዘሮ ቱሊስም አይደሉም፤ ጠዋቱን በሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ነበሩ። የኧርነስትን መሰላል ከዕቃ ቤቱ ማውጣት የሚችል፣ ድምፁ በስልክ የኧርነስትን የሚመስል፣ ‹ሆልሮይድ ነኝ› ሲል ያልዋሸ ሰው አንድ ብቻ ነው። ከጸደይ ወዲህ ባልዲ አልነካሁም አለኝ። መጥረጊያው ግን ትናንት ይንጠባጠብ ነበር፤ የእጁንም ስንጥቅ የሚያመጣው የሳሙና ውሃ እንጂ ምንጣፍ አይደለም።»

ማንም ክላይቭን አላየውም። ሁሉም ምንጣፉን ያያል።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች ክሌግ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጨርቅ እጁ ላይ ማስጨበጥህ፣ ባልዲ መድፋትህ ይገባኛል። የወደቀ ለማስመሰል ነው። መስኮቱን ግን ለምን ጨረስከው? ከሥራ መሃል ወደቀ ለማለት ሳይጨርሱት መተው ነበር የሚሻለው።»

ክላይቭ ክራቫቱን ለቀቀ። ሲናገር የጠየቁትን መንገድ የሚያሳይ ሰው ይመስል ነበር።

«ሳሙናውን ገና እንደቀባሁት አባቴ ከታች ሆኖ ‹ውረድ፣ አዋረድከኝ› አለ። ወረድኩ። ‹ለሰው እጅ ጨብጬ ቃል ሰጥቻለሁ› አለኝ። ‹ለእኔስ?› አልኩት። ፊቱን ሲያዞርብኝ ገፋሁት። እንዲያ ይወድቃል ብዬ አልነበረም። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ቀና ስል... ሳሙናው እየደረቀ ነበር።» እጆቹን አየ። «ሳሙና የተቀባ መስታወት ጥለህ አትሂድ ያለኝ እሱ ነው። ከደረቀ አይለቅም።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ይላል» አለች ክሌግ። ይህን ባትናገር ትወድ ነበር፤ ግን ፍርድ ቤት በሌላ አፍ ከሚሰማው ብላ ነገረችው። «መስኮቱን ስትጨርስ ገና ይተነፍስ ነበር። ያኔ ሰው ጠርተህ ቢሆን...»

አልጨረሰችውም። ግሬም ወንበር ስቦ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

ይኼኔ ወይዘሮ ቱሊስ ማልቀስ ጀመረች። ስታለቅስም ተቆጥታ ነበር፤ በማን እንደተቆጣች ግን ራሷም አታውቅም። «ባለፈው ክረምት እዚሁ ጓሮ ውስጥ ከመሰላሉ ላይ ስትንሸራተት አባትህ አየህ፤ ትዝ ይልሃል?» አለችው። «አንተ ሳቅክ። እሱ ግን እዚህ ወጥ ቤት ገብቶ ሻዩን መያዝ አቅቶት ነበር። ዙሩን የሸጠው ለዚያ ነው። ‹ልጄን ከመሰላል ሥር መልቀም አልፈልግም› አለኝ። ‹ከነገርኩት እልህ ይይዘዋል፣ ጭራሽ አይወርድም፤ ለማንም እንዳትነግሪብኝ› አለኝ። እኔም ቃሌን ጠበቅኩ።»

ክላይቭ ሲወስዱት እስከ በሩ ድረስ እሷን ነበር የሚያየው። «ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ።

ግሬም ቤቶቹን አንድ በአንድ መልሶ አገኛቸው፤ የሚሻማው ሰው ስለሌለ እንጂ ስለወደዱት አይደለም። ወይዘሮ ቱሊስም በመስኮት ቀን የጓሮውን በር ክፍት ትተውለታለች፤ ሒሳቡንም አበባ መትከያው ሥር ታስቀምጣለች። ከፎቁ ያለችውን ያቺን መስኮት ግን እንዳይነካት ነግራዋለች፤ ዘንጉን ሲዘረጋ ዘሏት ያልፋል።