የሃርክሎ ደረቅ ጉድጓድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሺህ ሁለት መቶ ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በቅድስት ሉሲያ በዓል ማግስት፣ የሦስት ሰዓት ደወል ሲደወል፣ የጉድጓድ ቆፋሪው የቴባልድ አስከሬን በሃርክሎ ኮረብታ ላይ ከሚሠራው ግንብ የውሃ ጉድጓድ ተጎትቶ ወጣ።

ጉሙ ገና አልተገፈፈም።

የራስ ቅሉ ተሰብሯል። መጀመሪያ ገመዱ ተበጥሶበት ነው ተባለ፤ ገመዱ ግን ደህና ነበር። ቀጥሎ ደም የለበሰ ቀይ ጥርብ ድንጋይ ወጣ። ሲያገላብጡት የጠራቢው ምልክት ታየ፤ የኦዝበርን ምልክት ነው።

ኦዝበርን ትናንት በቢራ ቤት ከሟቹ ጋር በአንድ ቁራጭ ዓሣ ተጣልቶ "ጭንቅላትህን እሰብረዋለሁ" ብሎ ነበር። ከዚህ በላይ የጠየቀ የለም። የኮረብታው ጌታ ሰር ጀርቬዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰቀል ፈረዱ።

እህቱ ሃዊስ ከእሱ በቀር ዘመድ የላትም። ከዘበኛ ዘበኛ ስትለምን ውላ፣ ጌታውንና የግንበኞቹን አለቃ ዋይመንድን ወደ ጉድጓዱ ስታመጣ፣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

በድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች። ጣቷን ከሥሩ አሳለፈች። የደረቀ ኖራ። በኖራው ላይ የተጣበቀ ገለባ። አሸተተችው። ፍግ።

"ጌታዬ፣ ይህ ድንጋይ ከጠራቢዎቹ ሜዳ አልመጣም። ከግንቡ አናት ነው የወረደው።"

ዋይመንድ ሳቀ። "ፍግ እያሸተትሽ ልትፈርጂ ነው እንግዲህ?"

"ለክረምቱ ግንቡን ገለባና ፍግ ያለበስነው እኛ ሴቶቹ ነን፣ አለቃ። ውርጭ ኖራውን እንዳይፈረካክሰው ብለው ያዘዙን እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ መሰላሉን ጎጆዎ ውስጥ ቆለፉበት። እስቲ ቁልፉን ይስጡንና አንድ ሰው ይውጣ።"

"ቁልፉ ጠፍቷል።"

"ወገብዎ ላይ የሚንቀጫቀጨው ምንድን ነው ታዲያ?"

ጌታው እጃቸውን ዘረጉ።

አንድ ወታደር ቁልፉን ተቀብሎ መሰላሉን አመጣና ግንቡ ላይ ወጣ። "ከጉድጓዱ በላይ ገለባው ተገልጧል!" ሲል ከአናቱ ተጣራ። "አንድ ድንጋይ ከረድፉ ጎድሏል!"

"ቴባልድ ምን በደለህ?" አሉ ሰር ጀርቬዝ ወደ ዋይመንድ ዞረው።

ሃዊስ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ የቆመውን የሟቹን ባልዲ አንሥታ አሳየቻቸው። የጥቁር አለት ፍርካሽ ሞልቶታል። ጠብታ እርጥበት የለውም።

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። "ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ከዚህ የወንዙን መሻገሪያ እናያለን፣ አለቱንም ጠላት ከሥር ሊቆፍረው አይችልም ብዬ። ውሃ ተገኘ ያልኩዎትም እኔ ነኝ። ይወጣል ብዬ አምኜ ነበር። ቴባልድ ጉድጓዱ ደረቅ መሆኑን ዛሬ ሊነግርዎት ነበር።"

ሰር ጀርቬዝ ወደ ሰሜን አዩ። በጸደይ ጠላቶቻቸው ስኮቶች ወንዙን ይሻገራሉ። ሌላ ግንብ የለም፤ ሌላ ገንቢም የለም። ጉድጓዱ መድረቁ ከተሰማ ደግሞ አንድ ወታደር እዚህ አያድርም።

"ይህን ማን ሰማ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኛ ሦስታችን ብቻ" አለ ዋይመንድ።

ከኮረብታው ግርጌ ኦዝበርንን ወደ መስቀያው ሲያወጡት ይታያል። ሃዊስ የጌታውን ካባ ጨበጠች።

"ስለ ውሃው ለማንም ትንፍሽ አልልም፣ ጌታዬ። አለቃውንም ይማሩት፣ ግንቡን ይጨርስ። ወንድሜን ብቻ ይፍቱልኝ።"

"ፍቱት! ድንጋዩ ከግንቡ ራሱ ነው የወደቀው!" ሲሉ ሰር ጀርቬዝ ወደ መስቀያው ጮኹ። ከዚያ ባልዲውን ከእጇ ወሰዱና ፍርካሹን መልሰው ወደ ጉድጓዱ ደፉት። ታች ሲደርስም የውሃ ድምፅ አልተሰማም።