በምች የሞቱት አያት

«ከቤተሰብ በጨጓራ ሕመም የተሠቃየ ወይም የሞተ ሰው አለ?» አለች ዶክተር ሕሊና፣ ብዕሯን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

አቶ ያረጋል መጀመሪያ አጠገባቸው የተቀመጡትን አቶ ገብረሰንበትን፣ ቀጥሎ ትንሿን ልጃቸውን ያምሮትን አዩ።

«የለም» አሉ። «በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

ያምሮት አንገቷን ደፋች። በጥር ወር የአቶ ገብረሰንበት ልጅ ታላቅ እህቷን ማሚቱን ያገባል። አቶ ገብረሰንበትም የነገ ዘመዴ ታሞ ብቻውን አይሄድም ብለው ከቡሬ ገጠር እስከ ፍኖተ ሰላም አባቷን ደግፈው መጥተዋል። አሁንም የአባቷን ጋቢ አጥፈው ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

ጠዋት ሲነሱ እናቷ ወደ ጓሮ ጠርታ፣ ሰርጉ እስኪያልፍ የአያቷን ነገር ትንፍሽ እንዳትል አስጠንቅቃታለች። አያቷ፣ የአባቷ አባት፣ ከአራት ዓመት በፊት እህል አልወርድ ብሏቸው፣ ከስተው ነው የሞቱት። የባሕር ዳር ሐኪም የጨጓራ ካንሰር ነው ብሎ ነበር። ቤተሰቡ ግን ለአገሩ ሁሉ ምች መታቸው ብሎ ነገረ። ሰባት ቤት ተቆጥሮ በሚጋቡበት አገር፣ በሽታ ያለበት ዘር ከመባል ምች ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ መምህሯ ይሄይስ ስለ ጂን ሲያስረዱ ጧፍ የተንጠባጠበበትን የብራና ዳዊት ምሳሌ አድርገው ነበር። ፊደሉ አልተፋቀም፤ ገጾቹ ስለተጣበቁ ግን የሚያነበው የለም። ሴልን ‹በቃ፣ መብዛትህን አቁም› የሚለው ገጽ እንዲህ ሲዘጋ ካንሰር ሊነሣ ይችላል። ጨጓራ ውስጥ ለዓመታት የሚኖር ባክቴሪያም ገጹን ያጣብቃል።

«ቲቸር፣ የኔ የሒሳብ ገጽ ከልደቴ ጀምሮ ተጣብቋል» አለ ከኋላ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ያምሮት ግን ሌሎቹ ሲወጡ ቀርታ፣ ታዲያ በዘር ነው ወይስ አይደለም ብላ ጠየቀች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ።

«አንዳንዱ በዘር ይወርዳል፤ የሚበዛው ግን ኑሮ የሚያመጣው ነው። አንድ ቤት የሚበሉ ሰዎች ባክቴሪያውንም ይጋሩታል። ለሁሉም ቶሎ መታየት ነው።»

አሁን ዶክተሯ አቶ ያረጋልን ክብደት ቀንሰው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቃር ብቻ ነው አሉ። ቀበቷቸው ላይ ግን ሁለት አዲስ ቀዳዳ አለ፤ በምስማር የበሳችው ራሷ ያምሮት ነበረች።

ዶክተሯ የቃር መድኃኒት ጻፈች፤ ካልተሻላቸው ከሁለት ወር በኋላ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። ሁለት ወር ማለት ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው።

«ተመስገን» አሉ አቶ ገብረሰንበት። «እንግዲህ በሰርጉ ቀን እስክስታ ይገጥሙኛል። ቃር ይዞኛል ማለት አይሠራም።»

አባቷ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ዶክተሯ ወረቀቱን ከጥራዙ ልትገነጥል ያዘች።

«ዶክተር፣ አይገንጥሉት» አለች ያምሮት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አያቴ በምች አይደለም የሞቱት። የጨጓራ ካንሰር ነው ተብለው ነበር። እሳቸውም መጀመሪያ ቃር ነው ይሉ ነበር። የአባቴን ቀበቶ ይዩት።»

አቶ ያረጋል እጃቸውን ቀበቷቸው ላይ አኖሩ። ዶክተሯ ‹የለም› የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና አዲስ ወረቀት ሳበች። ባሕር ዳር ሄደው ጨጓራን በካሜራ በሚያሳየው ኢንዶስኮፒ መታየት አለባቸው አለች፤ በዚህ ሳምንት።

ከአባቷ ጎን ወንበር ተንቋቋ። አቶ ገብረሰንበት ተነሥተው ነበር። ጋቢውን ያስቀምጡት፣ ይዘውት ይቆሙ፣ ያምሮት ዘወር ብላ አላየችም።

«አያትሽ ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለች ዶክተሯ።

«ስልሳ ሁለት» አለች ያምሮት።