ፋናና አስተርጓሚው

ፋና ባንተአምላክን መጀመሪያ የናቀችው በጫማው ነው። የቆሰበር ከተማ ክረምት አህያ የሚውጥ ጭቃ አቡክቶ ሳለ፣ እሱ ሹል ጫማውን ወልውሎ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ገባ።

«እህቴ፣ ይህን ቶሎ አባዢልኝ። ለባለድርሻ አካላት የሚታደል ነው።»

«ባለድርሻ ያልሆነ ሰውስ ምን ይደርሰዋል?» አለችው ቀና ሳትል።

ሳቀ። ሳቁ ከጫማው ይሻላል። ይህንንም ልብ ያለችው ሳትወድ ነው።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ድርጅቶች «በጋራ ለዘላቂ ነገ» የሚል ጥምረት ፈጥረው አገሩን በባነር ያለበሱት ያን ዓመት ነው። አንዱ ዛፍ ይተክላል፤ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፤ ሦስተኛው ሁለቱ ስለ መሥራታቸው ጥናት ያጠናል። የሚያባዙት ሁሉ በፋና ማሽን ስለሚያልፍ ሁሉንም ታነበዋለች። ታነብና ከንፈሯን ታጣምማለች።

እነሱ «ሞዴል» እያሉ የሚጽፉላት መንደር የፋና መንደር ነበረች፤ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብላ የምትገኝ። ዛፍ ተካዩ ከምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ምንጭ አጎልባቹ ከሥሩ ሲሚንቶ ገንብቶ ቧንቧ ገጠመ። ባሕር ዛፉ ተመዘዘ፤ ምንጩ ነጠፈ። አንዱ ችግኙ ጸደቀ ብሎ ሪፖርት ጻፈ፤ ሌላው ቧንቧው ተገጠመ ብሎ ጻፈ። ሁለቱም አልዋሹም። ሴቶቹ ግን ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ተመለሱ።

ባንተአምላክ የጥምረቱ አስተባባሪም አስተርጓሚም ነበር። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወልዶ በአክስቱ እጅ ያደገ የአገው ልጅ ነው። አንድ ቀን ወረቀቱ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ተቀምጦ ሲጠብቅ በአገውኛ ያወራት ጀመር። ቃሉ የሽማግሌ ቃል ነበር፤ የተመረጠ፣ ረጋ ያለ።

«በአማርኛ ስታወራ ባነር ትመስላለህ» አለችው። «በአገውኛ ግን ሰው ነህ።»

«እንግዲያው ካንቺ ጋር ሰው ልሁን።»

ፋና ዞር ብላ መስተካከል የማያስፈልገውን ወረቀት አስተካከለች። መብራቱ መጥቶ ማሽኑ ሲንጫጫ ሁለቱም ደነገጡ። ደግሞም ቅር አላቸው።

ከዚያ በኋላ የሚባዛ ነገር ባይኖረውም ይመጣ ጀመር። ፋና ሌሎቹን ባለ ባነሮች እንደ ናቀች ቀረች፤ እሱን ብቻ ከንቀቷ አወጣችው።

«ምንጩ መድረቁን ታውቃለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«አውቃለሁ። ታላላቆቹ ለጉብኝት ሲመጡ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። አክስቴ ትሙት!»

አመነችው። ሽማግሌ እንደሚልክም ለአባቷ ሹክ አለች።

የጉብኝቱ ዕለት ጠዋት መንደሩ በቦቴ መኪና ድምፅ ተነሣ። ከከተማ ውሃ ጭኖ መጥቶ የደረቀውን የሲሚንቶ ጋን ሞላው። እንግዶቹ ሲደርሱ ቧንቧው ይንፎለፎል ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ኃላፊ እጃቸውን ታጥበው አጨበጨቡ። ሌሎቹም እጃቸውን ሳይታጠቡ አጨበጨቡ።

የመንደሩን ሕዝብ ወክለው የተነሡት የፋና አባት አቶ ውዱ ነበሩ። አማርኛ ይሰማሉ፤ ቁም ነገር ግን ከአገውኛ በቀር አይወጣላቸውም። ባንተአምላክ ሊተረጉም አጠገባቸው ቆመ።

«ይህ ውሃ በመኪና የመጣ እንግዳ ነው» አሉ። «ከእናንተው ጋር ይመለሳል። የተከላችሁት ዛፍ ምንጫችንን ጠጣው። ለየብቻ ስትመጡ አንዳችሁን ለሌላው እንከስ ነበር፤ ተባብራችሁ ብትመጡ የምንከስበት አጣን።»

ባንተአምላክ ፋናን አየ። ከዚያ ኃላፊውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ ውዱ የሚሉት፣ ድርጅቶቹ በመቀናጀታቸው ኅብረተሰቡ የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ሆኗል። ምስጋናቸውን ከልብ ያቀርባሉ።»

ጭብጨባው ዳሱን አናወጠው። መንደርተኛው ግን ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማልና አላጨበጨበም። አቶ ውዱ አልተቆጡም። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ፣ በሽታው ያልታወቀ ጥጃ እንደሚታይ አዩት፤ ተቀመጡም።

ሽማግሌዎቹ ግን ቀድሞ ተነግሯቸው ስለ ነበር እሑድ ፋናን ለባንተአምላክ ሊጠይቁ መጡ። አቶ ውዱ በክብር አስቀመጧቸው፤ ጠላ አስቀዱላቸው። ጥያቄውን ሰምተው ሲጨርሱ፦

«ምነው እናንተን አደከማችሁ?» አሉ። «ልጁ ራሱ ይጨርሰው የለም? እኔ እምቢ ብል፣ እሱ እሺ አሉ ብሎ ይተረጉመዋል።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ፋና ጓዳ ሆና ሰማች። ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባቷ ጠሯት። «ከወደድሽው ንገሪኝ። ቃሌን እውጣለሁ።»

«እሱ አንዴ የዋጠብዎት ይበቃል፤ እርስዎ አይዋጡ፣ አባየ።»

በማግስቱ ባንተአምላክ ሱቋ መጣ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እውነቱን ብተረጉም ጥምረቱ ያን ቀን ይፈርስ ነበር። ቀስ ብዬ ከውስጥ ላስተካክለው ነው። ደግሞስ ጎጆ የምንወጣው በዚሁ ሥራ አይደል?»

«እንግዲህ እኔም ባለድርሻ ሆንሁ በለኛ!»

አንገቱን ደፋ። እንደሚወዳት በአገውኛ ነገራት፤ በዚያ በተመረጠ፣ በረጋ ቃል። ፋና ውሸት ፈለገችበት። አጣች።

«አምንሃለሁ» አለችው። «የሚያናድደኝ ማመኔ ነው። ሂድ አሁን፤ ሥራ አለኝ።»

ማሽኑ ባዶውን ነበር። እሱም አይቶታል፤ ግን ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሹመት አግኝቶ ባሕር ዳር መግባቱን ሰማች። «ይገባዋል» አለች፤ ከስድብ ቆጥራው።

አራት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ዳንግላ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ ስትጠብቅ፣ የድርጅት ሰደርያ የለበሰ፣ ሰውነቱ የደነደነ ሰው ፊቷ ቆመ። ባንተአምላክ ነበር። ከሰደርያው ላይ የሦስቱንም ድርጅቶች ዓርማ ስታይ ያ የድሮ ንቀቷ ከንፈሯ ላይ መጣ።

«ውሃውስ?» አላት፣ ከሰላምታው በኋላ።

«ዛፉን ራሳችን ቆረጥነው። አሁን ይንጠባጠባል።»

«አባትሽ ደኅና ናቸው?»

«አረፉ። ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

በዚያ ሁሉ ረዳት ጩኸትና በዚያ ሁሉ መንገደኛ መካከል፣ ዓርማ በለበሰው ደረቱ ላይ እንባው ወረደ። ሊደብቀውም አልሞከረም።

ፋና ልትንቀው ፈለገች። ቃሉንም አዘጋጅታ ነበር፤ የአዞ እንባ ልትለው። ንቀቷ ግን አልታዘዝ አላት፤ እንደ ደከመ በቅሎ ቆመባት።

«ቆሰበር! ቆሰበር የሞላ!» አለ ረዳቱ።

ገባች። ከመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መኪናው ሲንቀሳቀስ መስታወቱን ገፋ አደረገችና በአገውኛ፦

«ሙት ዓመታቸው ግንቦት ላይ ነው» አለችው።

ና አላለችውም። አትምጣም አላለችውም።