አምስተኛው ቤት

ምንያህልና ሐምራዊት የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደይ ወራት፣ ኮሎምበስ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ በኮቪድ ክትባት ሰልፍ ላይ ነው። እሷ መዝጋቢ ነበረች። የትውልድ ዘመኑን ስትጠይቀው ደንግጦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነገራት።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት? አትመስልም» አለችው።

ሃያ አምስት መሆኑን ሊያስረዳ ሲል አፉ ተሳሰረ። ገብቷት ኖሮ ከማስኩ በላይ ዓይኖቿ ሳቁ። በማግስቱ በሚሠራበት የግሮቭ ሲቲ መጋዘን ካርቶን ሲጭን የዋለው እነዚያን ዓይኖች እያሰበ ነው።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። የሐምራዊት አባት አቶ ባስልዮስ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ በኩል የመጡ፣ እዚህ ሠርተው ቤት የገዙ ሰው ናቸው። ዘር ይቆጠር ሲባል ሰባት ቤታቸውን አንድም ሳያጎድሉ ቆጠሩ። ከዚያ የምንያህል አባት ከአገር ቤት የላኩት የድምፅ መልእክት ተከፈተ። አምስተኛው ላይ ሁለቱም ወገን አንድ ሰው ጠሩ፤ የቡልጋውን ባላምባራስ ጎሳዬን።

ዘመዳሞች ናቸው፤ መጋባት አይችሉም። ሽማግሌዎቹ ምናልባት ስህተት ካለ ይጣራ ብለው ለእሑድ ቀጠሩ።

ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ሐምራዊት የመጋዘኑ ፓርኪንግ ላይ መኪናዋ ውስጥ ሆና ጠበቀችው። ፊቷ አብጧል።

«ዳዲ ትናንት ነገረኝ» አለች። «ዘመድህ አይደለሁም።»

ቀስ እያለች አስረዳችው። አቶ ባስልዮስ ካምፕ ሳሉ ታመው ስለነበር፣ መውለድ እንደማይችሉ ሐኪም ነግሯቸዋል። እሷ የተፀነሰችው እዚሁ ከተማ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ ማንነቱ ከማይታወቅ ለጋሽ በተገኘ ዘር ነው። እናቷ እንንገራት ባሉ ቁጥር፣ አባቷ ትንሽ ትደግ ይሉ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን የተናገሩት ለእሷ ብለው ነው፤ እሑድም ለሽማግሌዎቹ ሊናገሩ ቆርጠዋል።

የምንያህል ልብ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው በራሱ አፈረ።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ተናድጄበታለሁ። ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር የሱን ስኳር በሽታ ፎርም ላይ እየሞላሁ ነው የኖርኩት። ግን እነዚያን ሰባት ስሞች ሲቆጥር ፊቱ እንዴት እንደበራ አላየህም።»

ኮርት ሄደን እንፈራረም አላት። ዘመዷን አገባች እየተባለ አባቴ ይታማል አለችው። ለሽማግሌዎቹ ብቻ ይነገር ቢላትም፣ ሦስት ሽማግሌ የሰማውን ሁሉም ሰው እንደሚሰማው ሁለቱም ያውቁታል።

«የሱ ልጅ ከሆንኩ ያንተ አልሆንም» አለች። «ያንተ እንድሆን ደግሞ እሱ ሰው ፊት ቆሞ ልጄ አይደለችም ማለት አለበት።»

እጇን ያዘ። የሥራ ባልደረቦቹ መኪኖች አንድ በአንድ ወጥተው ፓርኪንጉ ባዶ ሆነ።

እሑድ ሽማግሌዎቹን እነሐምራዊት ቤት አደረሳቸው። ሙሽራ አብሮ አይገባምና መኪናው ውስጥ ጠበቀ። አቶ ባስልዮስ እንዲናገሩ እየተመኘ፣ በምኞቱ እያፈረ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ሀብተማርያም ከጎኑ ተቀመጡ።

«ሳይሆን ቀረ፣ ልጄ። አባትየው አንድ ነገር ሊናገር ብድግ ሲል፣ ልጅቷ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። ‹አባቴ በትክክል ነው የቆጠረው› አለችን።»

«እሳቸውስ?»

«አለቀሰ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ላንተ አዝኖ ነው፤ ደግ ሰው ነው።»

«አዎ፣ ጋሼ» አለ ምንያህል፤ መኪናውንም አስነሳ።